ፍልፈላ

ኅዳር ነው። ግሮኒንገን፤ ዝናቡ ከጎን ይመታል፤
ሰንሰለት ስፈታ ውዬ እጄ ግራሶ ይሸታል።
አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ወጥ ቤታችን
አትበቃም ለእኔ፣ ለልጄና ለዝምታችን።

ትእምርት ብዬ ነበር ስም ያወጣሁላት፤
ለምላስ ቢከብዳቸው «ቲም» ብለው ቆረጧት።
ዐሥራ አራት ዓመቷ።
ሦስት ሳምንት ሆነው ከተዘጋ በሯ፣ ከተዘጋ አንደበቷ።
ፈለፈልኋት እኔ፤ «ማን ነካሽ? ምን ሆንሽ?» ስል
መልሷ አንድ ነው፦ «ምንም»፤ በሁለት ቋንቋ፣ እኩል በእኩል።

ዛሬ ግን ፍሪጁን ከፍታ፣ ከበረዶው መሃል
አረንጓዴ ከረጢት አወጣች፤ ይንኮሻኮሻል።
«አባ፣ ነጭ ሽንኩርት ላጥልኝ» አለችኝ፤
በሦስት ሳምንት ውስጥ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ሰጠችኝ።
ላጥሁ።
ስንት ፍሬ እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ራሱን በሙሉ ጨረስሁ።

ኤዳማሜ ይሉታል፤ የጃፓን ነው ስሙ፤
ሁለቴ ብሞክረው አፌ ላይ ተሰበረ ቅስሙ።
ቅርፊቱ ጠጉር አለው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ፤
ከጨዋማ ውሃ ወጣ፣ አምስት ደቂቃ ኖሮ።
ማጥለያ ላይ ስትደፋው እንፋሎቱ መነጽሬን ጋረደው፤
በጉሙ ውስጥ «ዘይቱን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የእሷው ነው።

እሳቱ ለስለስ ይላል። ነጭ ሽንኩርቱ
ገለባ መልክ ሲይዝ፣ ሳይነካው ጥቁረቱ፣
«ካረረ ይመርራል» አለች፤ ከእኔ ነው የተማረችው፣
ካሳረርሁት ስንት ድስት፣ ሳትናገር ከቀመሰችው።

ከሱሪናሙ ሱቅ የገዛነው ቢጫ ቃሪያ
መልኩ ጨዋ ነው፤ ለጠባዩ ግን ያሻዋል ማሰሪያ።
ዘይቱ ሲነካው ጉሮሯችን ተዘጋ፣ ሳልን፤
ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌው ሄንድሪክ ሲያስነጥስ «ይማርዎ!» አልን፤
እሱም በደችኛው አመሰገነን።

ጥቁሩ ስጎ ደግሞ ከዚያው ከአኩሪ አተር የተጠመቀ፣
ስንት ወር በጋን ከርሞ የሸበተ፣ የጠለቀ፤
እሸቱ ከገዛ አያቱ ጋር መጥበሻው ላይ ተገናኘ፤
ሁለቱ ሲንጫጩ ወጥ ቤቱ ድምፅ አገኘ።

ነቢያት ገብቷል፤ ደግነቱ ይህ ጾም አያስፈታ፤
አንዱን ከነቅርፊቱ ጎረስሁ፣ ሳላስብ ላፍታ።
አኘክሁ። አኘክሁ። ገመድ ነው።
ልጄ አየችኝ፤ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ አልቻለችም፣ ሳቀች፤
«አባ፣ ጥርስህ ላይ አርገህ ጎትተው፤ ፍሬዋ ብቻ ናት» እያለች።

«ይህማ እሸት ነው!» አልሁ። «እሸት ማለት ምንድን ነው?»
«ጥሬ አይደለም። ደረቅም አይደለም። ገና ያልጠነከረው…»
ቃሉ አልመጣልኝም። «እንደ አንቺ» ልላት ቃጣሁና
ከቃሪያው ጋር ዋጥሁት፤ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበርና።

ከዚያ እኔ ዝም አልሁ፤ ጣቶቿ ግን ሥራ አልፈቱም፤
ሳልጠይቅ ቃሎቹ መጡ፣ እንደ ፍሬው፤ ተራ አልጠበቁም።
ፌምከ የምትባል ልጅ አለች። የምሳ ጠረጴዛ ቀይራለች።
ሌሎቹም ትሪያቸውን ይዘው ተከትለዋታል።
«አንቺስ?» አላልሁም። አንድ እሸት አቀበልኋት።
ጎትታ በላች። «መስኮት አጠገብ ነው የምበላው» አለች፤
«ካናሉ ይታያል።»

ሳህኑ ላይ ቅርፊቱ ከፍሬው በልጦ ተከመረ።
ሁሉን አልነገረችኝም። በሩንም ዘጋች፣ እንደነበረ፤
የተረፈውን ግን በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገባች፤
ሌሊት ቅርፊት ሲወድቅ ይሰማኛል፤ ጠብ፣ ጠብ፤ አልተኛች።

ማለዳ አንዲት ደንበኛ ብስክሌቷን ልትወስድ መጥታ
መሪውን አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች፣ ግራ ተጋብታ።
«ምን ቀባኸው?» አለችኝ።
ሦስቴ በሳሙና የታጠበ እጄን ከኪሴ አወጣሁት።
«ነጭ ሽንኩርት» አልኋት። «የልጄ ሥራ ነው።»
ሁለት ዩሮ ቀነስሁላት፤ ጎማውንም ደግሜ ነፋሁት።